ከካርታ የወጣው ዳስ

ሰኞ

ቤቱ ዛሬም አልተሸጠም። ከእማ ጋር ተኳርፈን ዋልን።

ገዢው አቶ ጌታሁን እዚሁ ሐይቅ ከተማ እህል የሚነግድ የአምባሰል ሰው ነው። ክፍሎቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የሎሚውን ዛፍ ወደደው። እኔና ወንድሜ ሰኢድ በዐይን ተጠቃቀስን፤ አለቀ አልን። ይኼኔ እማ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«ና ልጄ፣ ዐይቡን፣ ጉድለቱን ሳላሳይህ አልሸጥልህም።»

ዐይቡ ጓሮ ያለው ዳስ ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ ከሰፈሩ ጋር በደቦ ያቆመው ትልቅ የቆርቆሮ ዳስ። የሰፈሩ ሠርግም ሐዘንም እዚያ ነው። ግን የግንባታ ፈቃድ የለውም፤ ግማሹም ከካርታው ወጥቶ የመንገዱ ቦይ ላይ ቆሟል። ማዘጋጃ ቤት እሱ ካልተነሣ ስም አላዛውርም ብሏል። ሰኢድ «ከተሸጠ በኋላ የገዢው ጣጣ ነው» ባይ ነበር።

አቶ ጌታሁን ቦዩን አየ፣ ዳሱን አየ፣ «ላስብበት» ብሎ ሄደ።

እማ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ብቻዋን መኖር አትችልም። ውጫሌ እኔ ቤት አጠገብ አንዲት ደህና ቤት ተገኝታለች፤ ባለቤቷ እስከ ወር መጨረሻ እጠብቅሻለሁ ብላኛለች። ይኼ ካልተሸጠ ያቺም ታመልጠናለች። ወላሂ ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ

ሰኢድ ገና በጠዋቱ መጣ። «እማ፣ ሰውየው ሳይጠይቅሽ ምን አስለፈለፈሽ?»

«ሰው ባይጠይቀኝ አላህ አይጠይቀኝም?»

 ሰኢድን በንግግር የረታ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። ኩርፊያዬም እዚያው ለቀቀኝ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የመሬት ባለሙያዋ ትሑት ልጅ ናት። ዳሱ ብቻ ይነሣ፣ መጥቼ እለካለሁ፣ ሌላ ችግር የለበትም አለችኝ። ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ። ለካ አይደለም! አንዱን አናጢ ብጠይቀው «የተዳርኩበትን ዳስ ነው የማፈርስ?» ብሎ ገላመጠኝ። ሌላው የእናቱን ተዝካር ያወጣው እዚያ ነው፤ እጄ አይነሣም አለ። ቤት ልሸጥ መጥቼ የሰፈሩን ሠርግ አፍራሽ ሆኜ አረፍኩት።

ረቡዕ

ከአቶ ጌታሁን ወሬ የለም። ሲዘንብ ዋለ።

እማን ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማን የት ጋ እንደተሞሸረ በምርኩዟ እየጠቆመች ነገረችኝ።

«አባትሽ ቋሚውን ሲተክል ከመስመር ወጣህ አሉት። ሰው ካልያዘ ምን ዳስ ነው አላቸው። ከመስመር ያወጣው እሱ ነው፤ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ እሷ አጽናኚ!

«አብሽሪ። ዳስ እኮ ድግሱ ሲያልቅ ሊነሣ ነው የሚጣል። ማንሣቱን የረሳነው እኛ ነን።»

ይቺን ሴት እናቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም የምወዳት።

ሐሙስ

እማ የቅሬውን፣ የዕድራችንን ዳኛ አያ ሙሄን አስጠራቻቸው። የእኛ ሰፈር ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ነው፤ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ይድራል።

«ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው አንሡልኝ። ቆርቆሮው ለቅሬው ይሁን» አለቻቸው።

አያ ሙሄ ከፋቸው። «አንቺም ሄደሽ ዳሱም ሄዶ ምን ሊቀረን ነው?»

«አያ ሙሄ፣ ውጫሌ ነው የምሄድ፤ አኼራ አይደለም!»

ሳቁና ተረቱ። ጁምዓም ቅዳሴም እንዳይነካ ቅዳሜ ተባለ።

ቅዳሜ

እጄ ቆስሏል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ ደስ ብሎኛል።

ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ እማ ቢስሚላህ ብላ ቋሚውን በምርኩዟ ነካችና ትእዛዝ ጀመረች። «ቀስ! ምስማሩን አታጣሙት፣ ይጠቅማል!» ሰፈሩ ወጥቷል። ያ የገላመጠኝ አናጢ ጣሪያው ላይ ነበር። ጎረቤታችን የትምወርቅ በሰፌድ ቆሎ ይዛ ትዞራለች። ሰኢድ እንኳ ያለ ንግግር ቦይ ሲጠርግ ዋለ።

ረፋዱ ላይ አቶ ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት።  ብዙ አላወራም፤ ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ከጣሪያ የሚወርደውን ቆርቆሮ መቀበል ጀመረ። ምሳ ላይ ነው እማ አጠገብ የተቀመጠው።

«እማማ፣ ስነግድ ኖሬ የእህሉን ነቀዝ ራሱ ያሳየኝ ሻጭ አላጋጠመኝም። ስሙ ሲዞር እገዛለሁ።»

«ሌላም አለው፤ ጓዳው ክረምት ክረምት ያፈሳል» አለችው። ኧረ እማ! ሰውየው ግን ሳቀ።

ሰኞ

ባለሙያዋ መጥታ ሜትሯን ዘረጋች። ግቢው ከካርታው ጋር ገጠመ። ግን የኃላፊው ፊርማ ይቀራል፤ ይፍጠን ይዘግይ የሚያውቅ የለም። ውጫሌ ደወልኩ። የዚያች ቤት ባለቤት «እስቲ እንግዲህ» አለችኝ፤ አልወደድኩትም።

ማምሻውን አያ ሙሄ ብቅ አሉ። አቶ ጌታሁን ቅሬ መዝግቡኝ ብሏቸዋል። «ቤቱ ገና ያንተ አልሆነም እኮ» ቢሉት፣ «ቤቱን ማዘጋጃው ሲፈቅድ ይስጠኝ፤ ጎረቤቱን ግን ከአሁኑ ልያዝ» ብሎ የመግቢያውን ከፍሎ ሄዷል።

እማ ጋደም ካለችበት ቀና አለች።

«በይ ቁልፉን ስጪው።»

«እማ፣ ፊርማው ገና ነው!»

«እሱ የእነሱ ነው። እኔ ሸጬለታለሁ።» ከዚያ ወደ አያ ሙሄ ዞረች። «እሱን ስትጽፉ ታዲያ የኔን ስም እንዳትፍቁት።»