በዝግታ የዘለሉት ልጆች

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? ቤቱስ፣ ሱቁስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ ከድምፄ መጎርነን በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ሜዳ ላይ ስጮህ ስለምውል ነው።

"ሥራው ካልሆነልሽ ትተሽው ነይ፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል" ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም፤ የምልሽ ስለጠፋኝ ነው። ርዕሰ መምህራችን የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ሊሰጡት ቆርጠው ነበር። ልጆቹ ከመሯሯጥ በቀር የሚማሩት የለም ባይ ናቸው። ክፍለ ጊዜው ከሄደ እኔም አብሬው መሄዴ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ከቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክተር ተዋስኩና መስኮቱን በካርቶን ሸፍኜ ለልጆቹ የርዝመት ዝላይ ፊልም አሳየኋቸው። የዘላዩ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ በደንብ ይዩ ብዬ ፊልሙን አዘገየሁት። ከዚያ ሜዳ ወጣን። እማዬ፣ ሁሉም እንደ ፊልሙ በዝግታ መዝለል ጀመሩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እግራቸው ቀስ ብሎ ይዘረጋል። አንዱማ አየር ላይ መቆየት አቅቶት አሸዋው ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። ምን እየሠራችሁ ነው ብላቸው ሰውዬው እንዲህ ነው ያደረገው አሉኝ። የሒሳብ መምህሩ በመስኮት እያየ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ መምህራን ክፍል በገባሁ ቁጥር ወንበር በዝግታ ይስብልኝ ነበር።

ተናደድኩ፣ ግን እልህ ያዘኝ፤ መቼም ታውቂኛለሽ። ልጆቹ እኮ አላጠፉም፤ ያያችሁትን አድርጉ ብላቸው ያዩትን አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ዘላዩን ትቼ እነሱኑ በስልኬ ቀረጽኳቸው። መጀመሪያ በፍጥነቱ፣ ቀጥሎ አዘግይቼ እያሳየሁ፣ እግርሽ እዚህ ጋ ቀድሞ ወርዷል፣ አንተ አንገትህን ቀና አድርግ እላቸዋለሁ። ወዲያው ወጥተው ይሞክሩታል። ሹራቧን ታቅፋ ከአግዳሚ ወንበር የማትነሳ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ከፊልሙ የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን ስታይ መጥታ እኔንም ቅረጪኝ አለችኝ።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ መጡ። የልጆቹን ፊልም አይተው ሜዳ ወጡ። ያቺ ልጅ ሮጣ ዘለለች፤ ከሁሉ ባትርቅም በሁለት እግሯ አረፈች። እሳቸው ሜትሩን ከእጄ ወስደው፣ ከነሙሉ ልብሳቸው አሸዋው ዳር ተንበርክከው ለኩላት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሒሳብ መምህሩን ሌላ ክፍለ ጊዜ ፈልግ ብለውታል።

ስለዚህ እማዬ፣ አልመጣም። ሱቁን ላንቺ መተዌ ያሳዝነኛል፣ ሌሊትም ያባንነኛል። ግን ሥራው ሆኖልኛል፤ ወድጄዋለሁ።

አባዬን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ተቆጪልኝ። አክስቴን እጅ ነስታለች በያት። ወንድሜን ሱቁን በጊዜ እንዲከፍት ንገሪው፤ እንቅልፉን አውቀዋለሁ። ታናሽ እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወለል ላይ መተኛቷ ይብቃ፣ አልጋዬን ትውሰደው።

ልጅሽ
ከመምህራን ክፍል፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን