ከሶዶ ያስወጣህ ሰው

ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ጨጓራህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። እሁድ እሁድ አሁንም በእግሯ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። ባጃጅ ልጥራልሽ ስላት «ጌታ እግር የሰጠኝ ለባጃጅ ሾፌር ብሎ አይደለም» ትለኛለች።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ብነግርህ ዝም ብለህ ትሰማኝና ደህና ዋዪ ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሰው ከእኔ ጨርቅ እየገዛ ጂንካ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ምንም አያውቅም፤ አትጠይቀው።

ባለፈው ወር ስደውልልህ ሆን ብዬ ስለ ክልሉ ወሬ አነሳሁ። ድሮ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቆመህ ታስተምረኝ ነበር። አንተ ግን «እኔ ምንም አይመስለኝም፤ ዜናም አልሰማም» አልከኝ። ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ ይህንኑ ቃልህን ብቻ ጻፍኩ። ሰው ረጋ ሲል ደስ እንደሚለኝ ታውቃለህ። የአንተ መርጋት ግን አላማረኝም።

እኔ ሰው ስለ ፖለቲካ የሚሰማውን የማውቀው ከሬዲዮ አይደለም፤ ከምሸጠው የወላይታ ባህል ጨርቅ፣ ከዱንጉዛ ነው። ወላይታ ለብቻው ክልል ይሁን የሚለው ጥያቄ በጋለበት ጊዜ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ያለበት ጨርቅ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ሳያድር ያልቅ ነበር። ከቤሌና ከተበላ ገጠር የሚመጣው ገበሬ ሳይቀር ከነኮፍያው ይገዛል። ማንም አይከራከርም። ልቡ የጋለ ሰው ዋጋ አይከራከርም። አንተማ «ለትግሉ ነው» እያልክ ነበር የምትወስደው። ጎረቤቴ ጥሩነሽ ከምትሸጣቸው ድስቶች መሃል ብቅ ብላ «ትግሉ ደግሞ ሸሚዝ አለቀበት እንዴ፣ አስተማሪው?» ስትልህ፣ «ክልል ስንሆን የድስት ቢሮ ኃላፊ እናደርግሻለን፤ ታገሺ» ትላት ነበር። እሷ አሁንም «ሹመቴ ዘገየ» እያለች ትስቃለች።

ሱቅ የመዝጋት አድማ የተጠራ ቀን ግን አልሳቅንም። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ። አንተ መንገድ ላይ ቆመህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ውስጥ ደም የለም፤ ሜትር ነው ያለው» አልከኝ። እኔም «በዚህ ሜትር ነው ያስተማርኩህ» አልኩህ። ሁለታችንም የተናገርነው እውነት ነበር፤ ስለዚህ ማናችንም ይቅርታ አልጠየቅንም።

ከዚያ ያ የ2012 ክረምት መጣ። ሁለት ጓደኞችህ ታሰሩ። አንተ ዲምቱ ከተማ አክስታችን ቤት ሦስት ሳምንት ተሸሸግህ። ዱንጉዛ የሚገዛ ሰው «በጥቁር ፌስታል ጠቅልይልኝ» ማለት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የሚገዛም ጠፋ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ የጸሎቱ ርዕስ ተለወጠ። ስለ መብታችን ስንጸልይ ቆይተን ስለ ታሰሩት መጸለይ ጀመርን፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም ብቻ ስጠን ሆነ። አንተ ግን ከዲምቱ ብሰህ ተመለስክ። ሻይ ቤት ተቀምጠህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትናገራለህ። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋዋ ትነሳለች።

በጥቅምት ወደ ጂንካ የተዛወርክበት ደብዳቤ ደረሰህ። ሻንጣህን እየዘጋህ እማዬ ፊት ማልክ። «ያባረረኝ ሰው በገዛ አፉ እኔ ነኝ እስኪለኝ ድረስ ሶዶን አልረግጥም» አልክ። ይኸው አራት የጊፋታ ዘመን መለወጫ ያለ አንተ ተሻገርን።

ወንድሜ፣ ያባረረህ መንግሥት አይደለም። ካድሬም አይደለም። እኔ ነኝ።

ዓምደሚካኤልን ታስታውሰው ይሆናል፤ ለልጁ ሠርግ የሙሽሮቹን ልብስ ከእኔ የወሰደው ሰውዬ ነው። ያኔ የመምህራን ዝውውር በእሱ እጅ ያልፍ ነበር። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጉዳዬን ስነግረው ሳቀብኝ። «ሰው ሁሉ ወንድሜን ወደ ሶዶ አምጣልኝ እያለ ነው የሚያስጨንቀኝ፤ አንቺ ደግሞ ልታስወጪው?» አለኝ። ሩቅ ይሁን አልኩት። «አርባ ምንጭ ይበቃሻል?» አለኝ። ተናዶ በዚያው ቀን የሚመለስበት ቦታ አይሁን አልኩት። መሳቁን ተወና «ጥፋት አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእናቴ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም» አልኩት። የሰጠሁት ነገር የለም። ዝም ብዬ ለመንኩት። ንግድ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው እግር ላይ ወድቄ ያገኘሁት ነገር ያ ብቻ ነው።

ስምህ የሚታሰሩ ሰዎች ዝርዝር ላይ አለ ያለኝ ሰው አልነበረም። ኋላ ሰበብ እንዳላበጅ ብዬ የዚያኑ ዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። «ማንም አላስፈራራኝም፤ ፈራሁ» ይላል።

የመጀመሪያው ዓመት ስትደውል ንዴትህ ድምፅህን ያንቀጠቅጠው ነበር። እኔም ንዴቱ እዚያ ባዕድ አገር ያበርታው ብዬ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ራስህን «ግዞተኛው» እያልክ ትቀልድ ጀመር፤ እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲያ ቀልዱም ቀረ።

ሌላም ልንገርህ፤ ይህንን ከጥሩነሽና ከሸማኔዬ በቀር ማንም አያውቅብኝም። ሕዝበ ውሳኔው ሲመጣ በሌሊት ተነስቼ ተሰለፍኩ። አዲሱ ክልል ሲታወጅ፣ አንተ የጠየቅከው ይህ ከሌሎች ጋር የምንጋራው እንዳልነበረ፣ የፈለጋችሁት ለብቻችን ክልል መሆን እንደነበር እያወቅሁ፣ ልቤ ሞቀ። ከሸማኔው ከትዕዛዝ ዘንድ ሄጄ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ዱንጉዛ አዘዝኩ። ትዕዛዝ መወርወሪያውን አቁሞ አየኝና «እቴቴ፣ ሰዉ ሲበርድለት አንቺ ጋልሽ?» አለኝ። ገበያውን ሳላጠና ጨርቅ ያዘዝኩት ያኔ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ግማሹ አልተሸጠም። ሰዉ የሚያወራው ስለ ደመወዝና ስለ ዘይት ሆኖ ነበር። ያን ቀን አጠገቤ ብትኖር ምን ያህል በሳቅህብኝ እያልኩ አመሸሁ።

አሁን ደግሞ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ለስብሰባ እየጠራ በበራችን አለፈ። አንዲት ሴት ዱንጉዛ ይዛ ስትከራከረኝ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «እሱን ተዪውና መጨረሻውን ንገሪኝ» አለችኝ። በሰዉ አልፈርድም። ልቡን ወደ ቤቱ መልሶ አስገብቶታል እንጂ አልጣለውም። በሃያ ብር ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነገንም የሚያስብ ሰው ነው። እኛ እዚህ የበረድነው አንድ ላይ ሆነን፣ እየተሳሳቅን፣ እየተበሻሸቅን ነው። አንተ ግን ብቻህን ነው የቀዘቀዝከው፤ ያውም እኔ ባስቀመጥኩህ ቦታ።

የእማዬም አለ። የቀበሌያችን ሹም መንገድ ላይ ሰላም ሲላት ፊቷን ታዞራለች። «ልጄን የወሰዱብኝ እነሱ ናቸው» ትላለች። ሰውዬው ምስኪን ነው፤ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኮፍያውን እያነሳ ይሰግድላታል። ከጎኗ እየሄድኩ ዝም እላለሁ። የእኔን ድርሻ እሱ እየተቀበለልኝ ነው።

ጊፋታ ደርሷል። ቂም ይዞ መሻገር እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ከበዓሉ በፊት ቤተ ዘመዱ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው «የበደላችሁት አለ?» እያለ በየተራ ይጠይቃል። አራቱንም ዓመት ተራዬ ሲደርስ «የለም» ብያለሁ። ዘንድሮ ልናገር ነው። ከእማዬ ፊት ከመናገሬ በፊት ግን ባለቤቱ አንተ ነህና ቀድመህ ስማ ብዬ ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ሰው ሳይቆጣ ይቅር ቢል እርቁ እርቅ አይሆንም። መጀመሪያ ተቆጣኝ። ምንም አይመስለኝም ብለህ ብቻ አትመልስልኝ፤ ያን አልችለውም። የምንቀመጠው ሐሙስ መስከረም 15 ነው። ረቡዕ ማለዳ ከተሳፈርክ ትደርሳለህ። ትምህርት ተጀምሯል እንዳትለኝ፤ ርዕሰ መምህርህን አስፈቅድ። ስትገባ ሰላም ሳትለኝ፣ በሆድህ ያለውን ሁሉ በሽማግሌዎቹ ፊት አፍስስብኝ። ጩህ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ከሄድክበት በጤና ይመልስህ። በሰው አገር የሸሸገህ አምላክ በአገርህ ደግሞ ያቁምህ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ይህን ከሰማች በኋላ የኔንም እንድትስም ጸልይልኝ።

ታላቅ እህትህ