ያልላክኸው ቴሌግራም

ማትሱሞቶ፣ ሰኞ ኖቬምበር 6 ቀን 1995

ለወንድም ጋሼ ቶኩዞ፣

ወገብህ እንዴት ነው? ለልጅህ ሠርግ አላደርስ ያለህን፣ ፍሬ ለመልቀም ግን ዛፍ ላይ የሚያወጣህን ወገብ ማለቴ ነው። ጎረቤትህ ነግሮኛል። እንደ ልማዴ የምቀልድ እንዳይመስልህ፤ ደሜ ፈልቷል።

ትናንት ናትሱኮን ዳርናት። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን፣ አንዲት ምግብ ቤት ፎቅ ላይ። ወላጆች እንደ ወጉ በር ጥግ ነው ቦታቸው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዱልማ ከሞንጎሊያ ገጠር አራት ቀን ተጉዘው መጥተው፣ ከባዶ ወንበርህ ጎን ተቀመጡ።

"እኛ አገር በር ጥግ የሚቀመጥ የተናቀ ነው" አሉኝ፤ ሙሽራው ልጃቸው ጋንባት እያስተረጎመ።

"እዚህ ደጋሽ ነው እትዬ፤ የክብሩን ቦታ ለእንግዳ ይለቃል።"

ወንበርህን አዩና፣ "ታዲያ ሌላው ደጋሽ የት አለ?"

ምን ልበላቸው? "ለፈረስ ጋላቢ ልጅ አልሰጥም ብሎ ቤቱ አኩርፎ ተቀምጧል" ልበላቸው?

ከዚያ መድረክ መሪው፣ መምጣት ያልቻሉ ሰዎች የላኩትን ቴሌግራም ሊያነብ ተነሣ። የናትሱኮ ዓይን እጁ ላይ ተተከለ። ከጀርባው አጮልቄ ያንተን አየሁት፦ "በጋብቻው ዕለት የደስታ መግለጫችንን እናቀርባለን።" ከፖስታ ቤቱ የተዘጋጁ ምኞቶች ዝርዝር በቁጥር የተመረጠ! የቀድሞ አለቃዋ እንኳ የራሱን ቃል ጽፎላታል። አንተ ግን ለወለድካት ልጅ!

ነጠቅኩት። "የወንድሜን እኔ ላንብበው" ብዬ፣ የሌለውን አነበብኩ። ናትሱኮ አለቀሰች። ጋንባት ሲያስተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ። ወይዘሮ ዱልማ ተነሥተው እጅ ነሡህ፤ ለባዶ ወንበር! ያኔ ብሶብኝ ልፈነዳ ደረስኩ።

ስንለያይ ናትሱኮ፣ "አጎቴ፣ ወረቀቱን ስጠኝ" አለች።

"የሳኬ መጠጥ ፈሰሰበትና ጣልኩት።"

"የአባባ ወረቀት ላይ?" አለች። "ግዴለም፣ እሑድ ሄጄ ከራሱ አፍ እሰማዋለሁ።"

እሷ፣ ጋንባትና እናቱ ሦስቱም እየመጡልህ ነው። ስለዚህ ምን እንዳልክ እወቅ፤ በቃልህ አጥናው፦

"ናትሱኮ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሰው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነበር። ልጁን ጠልቼው አይደለም፤ አንቺን ስለሚወስድብኝ ነው። ሁለታችሁም ኑ።"

ውሸት የሆነ ቃል ካገኘህበት ሰርዘው።

ዕድሜና ጤና፣ በር የሚከፍት እጅም ይስጥህ።

ታናሽህ ኪሱኬ