ከአናት ላይ ለማይወርደው ጽሑፍ ባለቤት

ለተከበሩ የሕሙማንና የአስታማሚዎች የኢንተርኔት ውይይት መድረክ አስተዳዳሪ፣ በመድረኩ ስምዎ «ጠባቂው» ለሚባሉት፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ያለ ማሽን እርዳታ አየር እየሳባችሁ እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው።

መድረክዎን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማብራራት ግድ ይለኛል። በቤታቸው የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀሙ ሕሙማን አስታማሚዎች የሚመካከሩበት ነው። አዲስ ጥያቄ ከላይ ይወጣል፤ ሌላ ሲመጣ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ ከዓይን ይርቃል። እርስዎ «ፒን» ያደረጉት ጽሑፍ ግን ይህ ሕግ አይነካውም፤ የተጻፈበት ዘመን ቢያልፍም ከሁሉም በላይ እንደተሰካ ይኖራል። ርዕሱ «ማሽኑ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰማ» የሚል ሲሆን፣ ምክሩም ማጣሪያዎቹን በሙሉ አውጥቶ፣ በውሃ አጥቦ፣ ጨምቆ መመለስ ነው።

ጽሑፉ ከመነሻው ስሕተት ነበር አልልም። ያኔ በብዙ ቤት የነበረው ማሽን ከውጭ የሚገጠም ስፖንጅ ብቻ ስለነበረው፣ ስፖንጅ ደግሞ ስለሚታጠብ፣ ምክሩ ትክክል ነበር። አሁን የሚሸጠው ማሽን ግን በውስጡ ከወረቀት የተሠራ ሌላ ማጣሪያ አለው። ሙያዬ የመለኪያ መሣሪያዎችን መመርመር በመሆኑ ያረጋገጥኩትን ብቻ እጽፋለሁ፦ ወረቀቱ ሲርስ ይጣበቃል፣ አየር አያሳልፍም፤ ማሽኑ እንደ ወትሮው እያጉረመረመ በቱቦው የሚልከው ኦክስጅን ግን ይቀንሳል። አቤቱታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አባቴን የምታስታምመው እኅቱ፣ ማለትም አክስቴ፣ ማሽኑ ሲጮኽባት የእርስዎን ጽሑፍ ከፍታ ቃል በቃል ፈጸመች። ንጽሕና የምትወድ ሴት በመሆኗም ወረቀቱን በሳሙና ደግማ አጠበችው። ከሥራ ስገባ አባቴን ወንበሩ ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አክስቴን ደግሞ ስልኳን ይዛ «ጽሑፉ ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ!» እያለች አገኘኋቸው። በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት አደረስነው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ከመኝታ ቤቱ እስከ ሳሎን ግን ዛሬም ያለ ደጋፊ አይመጣም። አክስቴን ለምን እኔን ሳትጠይቅ እንዳደረገችው ባነሣባት፣ «የኔ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ የሰቀሉት ነገር ይሳሳታል ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፤ በመድረክዎ አዲስ ገቢ ጥያቄ ለመጠየቅ እንዲፈቀድለት በተሰካው ጽሑፍ ሥር «አንብቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መጻፍ አለበት። ሥርዓቱ ግሩም ነው። ውጤቱ ግን፣ ማንም እርማት ቢጽፍ በማግሥቱ በምስጋና ክምር ይቀበራል። እኔ የጻፍኩትን እርማት ራሴ ፈልጌ ለማግኘት ከገጽ ገጽ ስገላብጥ ጣቴ ዝሏል። በመንገዴም የአክስቴን ምስጋና አገኘሁት፤ ማሽኑን ከመንካቷ በፊት የተጻፈ፣ እስከ ዛሬም ያልተሻረ።

ሦስተኛ፤ ጽሑፉ እንዲወርድ ወይም አንድ መስመር እንዲጨመርበት በግል ስጽፍልዎ፣ «ይህን ሁሉ ሰው ያመሰገነውን ጽሑፍ የምታስወርድ አንተ ምን ቤት ነህ?» ሲሉ በአጭሩ መልሰውልኛል። ምስጋናውን የመግቢያ ቀረጥ አድርገው ያስከፈሉት እርስዎ፣ የምስጋናውን ብዛት ማስረጃ አድርገው ያቀረቡትም እርስዎ መሆንዎን ሳይ፣ ከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ቦታ እንደማይጠባቸው ተረድቻለሁ። የማሽኑን መመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥቼ ብልክልዎም፣ ጉዳዩን «ተደጋጋሚ ንትርክ» ብለው እኔን ከመድረኩ አገዱኝ። እውነትዎን ነው፤ ደጋግሜዋለሁ።

አራተኛውና ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዳወጣ ያስገደደኝ ይህ ነው። ከታገድኩ በኋላ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም። ትናንት «የመጨረሻዋ ልጅ» በሚል ስም አንዲት ሴት ጥያቄ አቀረበች፦ «እባካችሁ፣ የእማዬ አዲሱ ማሽን መጮኽ ጀምሯል፣ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» እርስዎም ወዲያውኑ «ፒን የተደረገውን አንብቢ» ብለው ጥያቄዋን ዘጉት። ፍጥነትዎ የሚያስመሰግን ነው። በተሰካው ጽሑፍ ሥር የመጨረሻው መስመር የእርሷ ነው፤ አንብባለች፣ አመስግናለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችም። ዝምታዋ ማሽኑ ስለተስተካከለ ይሁን በሌላ ምክንያት ከማስረጃ ውጭ መገመት አልደፍርም፤ እንቅልፍ ግን ነሥቶኛል። እርስዎ የተዘጋውን ጥያቄ ከፍተው «ቆይ፣ አትጠቢው» ለማለት አንድ ጣት ይበቃዎታል። እኔ በመላው ከተማ የማላውቃትን ሴት እየፈለግኩ ነው።

ስለሆነም ላደረጉልን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሥርዓት ስለጠበቁ፣ መድረኩን ከንትርክ ስላጸዱ፣ በየዘመኑ ከሚቀያየረው እውነት ይልቅ የማይነቃነቀውን ስለመረጡ። ተጨማሪ ሥራ እንዳልሆንብዎ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንን ጽሑፍ ዛሬ ያውርዱት። ነገ አላልኩም።

መቼም ከማይነቀል ክብርዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ ከመድረክዎ በይፋ ከተባረሩት መካከል በሕይወት ያለ አባት ስላለው ራሱን እንደ ዕድለኛ የሚቆጥር፣

ታዛዥ የቀድሞ አባልዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ የተከበሩ አስተዳዳሪ፣ ይህ አንቀጽ ለእርስዎ ስላልሆነ ሊዘሉት ይችላሉ፤ መዝለል እንደማይቸግርዎ አይቻለሁ። «የመጨረሻዋ ልጅ»፣ እኅቴ፣ የውስጡን ማጣሪያ ውሃ አታስነኪው። አስነክተሽው ከሆነም የማሽኑ ድምፅ አያታልልሽ፤ መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ካለ እናትሽን ወደ እርሱ አዙሪያት፤ ከሌለ ጎረቤት ጠርተሽ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ጋዜጣውን አስቀምጪውና ተነሺ።