ሐይቅ ላይ የሚጠፋው ሞተር

ሐሙስ
ካርቡራተሩን ያበላሸችው እሷ ናት አለ የጋራዡ አለቃ ጋሽ ተፈሪ፤ እኔን እያሳየ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን አልለውም።

ነገሩ የአቶ ዳዊት የጀልባ ሞተር ነው። ባለፈው ሳምንት ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ጋራዡ ውስጥ ውሃ በሞላ በርሜል ሞከርኩት። ሳይንተፋተፍ ሠራ። ትናንት ናይቫሻ ሐይቅ መሃል ጠፋባቸው። ጉማሬ እያያቸው በመቅዘፊያ ተመለሱ።

"ኢንጂነር፣ ዲግሪሽን ግድግዳ ላይ ስቀይና መፍቻውን ለፉንዲዎቹ ተይላቸው" አለኝ። ፉንዲ የሚላቸው መካኒኮቹ ሳቁ። ጠረጴዛዬን ነጠቀኝ። ከነገ ጀምሮ ብሎን አጣቢ ነኝ።

ዓርብ
ብሎን አጠብኩ።

ሞተሩ ከአቶ ዳዊት ሰፈር ከሩንዳ ተመልሶ መጣ። በርሜል ውስጥ አሁንም ደህና ይሠራል። ጋሽ ተፈሪ ራሱ ካርቡራተሩን ፈታው፤ ቆሻሻ ፈልጎ አጣ። ቅር ያለው መሰለኝ።

እዚያ ኖሮ እዚህ የሌለው ምንድን ነው? ጉማሬ። ሌላስ? ምሳ ላይ መጣልኝ፤ የቤንዚን ታንካቸው። እኛ ሁልጊዜ የምንሞክረው በራሳችን ታንክ ነው።

ለጋሽ ተፈሪ ነገርኩት። "ታንክ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ምኑ ይበላሻል?" አለ።

ቅዳሜ
ሳላስፈቅድ አቶ ዳዊት ጋ ደወልኩ። ነገ አብሬ ልውጣ፣ ታንኩን እንዳለ ያምጡት አልኳቸው።

"ዋና ትችያለሽ?"

አልችልም። እችላለሁ አልኩ።

ጥፋቱ የእኔ ከሆነስ? ከሆነ በራሴ አፍ እናገራለሁ። በወሬ ግን አልባረርም።

እሁድ
ጋሽ ተፈሪም ሰምቶ መጣ፤ ስሳሳት ሊያይ። ከዳር ርቀን ከሄድን በኋላ ሞተሩ አቃስቶ ጠፋ። ሸምበቆው ጋ ጉማሬ ተነፈሰ።

የቤንዚን ቱቦውን ዳሰስኩ። ቱቦው መሃል ያለችው፣ ቤንዚን ለመግፋት በእጅ የምትጨመቀው ጎማ ጭምድድ ብላለች። ታንኩ አየር ስለማያገኝ ቤንዚኑ አይወጣም ማለት ነው። ክዳኑ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን አላላሁ። ታንኩ ሽው ብሎ አየር ሳበ። ጎማዋን ጨመቅኳት፣ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳብኩ። ተነሳ።

"ወይ ጉድ" አሉ አቶ ዳዊት። "ብሎኗን የምዘጋት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አብራኝ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ነው፤ መኪና ውስጥ ቤንዚን ከሸተታት ያስመልሳታል።"

"እዚህ ሲደርሱስ?"

"እዚህማ ዓሣ እንጂ ብሎን ማን ያስታውሳል።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ጋሽ ተፈሪ ወደ ሸምበቆው እያየ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ።

ሰኞ
ጠዋት መካኒኮቹ ፊት ካልተናገሩ ሥራ አልጀምርም አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የሰውየው ታንክ ነው። ካርቡራተሩ ደህና ነበር።"

"ማን ነበር ያጠበው?"

"አንቺ።"

ማንም አልሳቀም።

ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ደስ ይላል። ይቅርታ ግን አላለኝም። እጠብቃለሁ። የትም አልሄድም።