የአማቴ መስኮቶች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

መስኮቶቼ አይነቀሉም! ባሌ ተሾመ ራሱ በገዛ አፉ ነው የተናገረው። ኧረ ተመስገን!

እህቱ ዘነበች ወር ሙሉ ጆሮውን ስትበላው ነበር። "እነዚህን የባቡር ጊዜ ጣውላዎች አንሣና እንደ ሰው አልሙኒየምና መስታወት አስገባ" እያለች። የርብራብ እንጨት መስኮቶቹን የሠሯቸው እኮ የገዛ አባቷ ናቸው! ለእሷ ግን አባትም ቢሆን ካላብለጨለጨ ዋጋ የለውም። የእሷ አዲሱ ቤት ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ያውም በአዳማ ፀሐይ! ሰው ሊኖርበት ነው ወይስ የዓለም ጤና ከተማን ሽንኩርት ሊያደርቅበት?

ዛሬ ከምሳ በኋላ የአልሙኒየም ሠራተኛ አስከትላ መጣች። ሰውየው ሜትሩን ዘርግቶ መለካት ሲጀምር እሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። በርብራቡ መሐል ነፋሱ ሽው ሲልባት፣ እኔን መስደቧን እንኳ ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። አንኮራፋችም!

ተሾመ ቆሞ ሲያያት ቆየና ሰውየውን፣ "ወንድሜ፣ ሜትርህን ሰብስብ። እህቴ ያንን ቤት ከሠራች ወዲህ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም" አለው።

ስትነቃ፣ "ለክቶ ጨረሰ?" አለች።

"ሄዷል፤ መስኮቶቹ ይቆያሉ" አላት ተሾመ።

"ደክሞኝ ነው እንጂ እኔ ቀን አልተኛም!" ደክሟት ነው አሉ! ጉንጯ ላይ የሶፋው ዳንቴል ታትሞባት።

ነገ አረንጓዴ ቀለም እገዛለሁ፤ አማቴ ቀብተዋቸው እንደነበረው። ለነቢያት ጾም ቅበላ፣ እሁድ ኅዳር 14፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እዚህ ነው የሚበላው። ዘነበችም ትራሷን ይዛ ትምጣ።