ምዕራፍ ሦስትን ያነበብኩበት ሁለት ወር

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሀኒ፣

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። የኖርዌይ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ሰላም ብላሻለች። እኔም መዶሻዬም ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። እኔና አንቺ "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ" ከተባባልን በኋላ ወሬ ያልቅብናል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የዶክትሬት ጽሑፍሽን አሳትመሽ የላክሽልኝ ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ከጎናችን ጣሳ የምትሸጠው ምስራ "ሀኒ ስለ እኛ ምን ብላ ጻፈች?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጥሩ ጥሩ ነገር" አልኳት። አንድ ገጽ እንኳ ሳልገልጥ! ሐፍረቱ ሲከነክነኝ አደረና፣ በማግስቱ ስለ ተራችን የሚያወራውን ምዕራፍ ሦስትን ጀመርኩ።

ልጄ፣ ያ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ነው? አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ብመላለስበት የገባኝ "እና" የሚለው ብቻ ነው። እንደምንም ሰማንያ ሁለተኛው ገጽ ደረስኩ። የምን አለሽ ተራ ሠራተኛ ሙያ የለውም፣ ተራው ሌላ ሥራ ያጣ ሰው ውዳቂ ላይ የሚፍጨረጨርበት ቦታ ነው ይላል። ደሜ ፈላ። በዚህ እጅ ያሳደግኋት ልጅ! ጽሑፉን ዘጋሁት። ሳምንት ሙሉ ስትደውዪ ያላነሳሁት ለዚህ ነው እንጂ ስልኬ ተበላሽቶ አልነበረም።

ያስታረቀን ረዲ ነው፤ እዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት የሚያስተምረው። ማንደጃ ሊገዛ መጥቶ ፊቴን ሲያይ "ምን ሆኑ?" አለኝ። ገጹን አሳየሁት። ሳቀ።

"ጋሼ ጠሀ፣ ይህን ያለው ማነው?"

"ልጄ ናት እንጂ!"

"አይደለችም። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በቅንፍ የሰው ስም አለ፣ ይዩት። እሷ የሌሎችን ሐሳብ ነው የምትዘረዝረው። ወደፊት ይሂዱ፤ 'ሃውኤቨር' የሚል ቃል፣ 'ነገር ግን' ማለት ነው፣ ሲያገኙ ይቁሙ። የእሷ ድምፅ የሚጀምረው እዚያ ነው።"

ገለጥኩ። ሃውኤቨር! ከዚያ በኋላ አንቺ ነሽ፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ትሞግቻቸዋለሽ። ቆርቆሮን በዓይኑ ለክቶ የሚቆርጥን ሰው ሙያ የለውም ያለ፣ ሲሠራ ቆሞ አላየውም ትያለሽ። በርጩማዬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ምስራ ያበድኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ረዲ ማንበብ አስተማረኝ። መጀመሪያ መግቢያውንና መደምደሚያውን አነበብን፣ ምን ልታሳዪ እንደተነሣሽ እንድናውቅ። ያላወቅሁትን ቃል ሁሉ ማሳደድ ትቼ፣ ደጋግመሽ የምታመጪውን ብቻ በእርሳስ እከብበው ጀመር። በቀን አንድ አንቀጽ። ሲያልቅ ኅዳጉ ላይ በራሴ አማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ እንደገና። አንዷ አንቀጽ አራት ቀን ፈጀችብኝ፤ "ኤጀንሲ" የምትዪው ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ቢሮ መስሎኝ! ለካ ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ያለው አቅም ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ለተራው ሰው በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። በያጁ ሱፍያን "የእኔ ስም የታለ?" ብሎ ተቆጥቷል። ስማችንን የቀየርሽው ለእኛው ብለሽ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ፤ አንቺው አስታርቂው። ደግሞ ዘጠና አንደኛው ገጽ ላይ ተሳስተሻል። ቆርቆሮውን ከማጠፋችን በፊት እናግለዋለን ብለሻል፤ ማን ያግለዋል? ቀዝቃዛውን ነው የምንቀጠቅጠው። ተራው በሙሉ መስክሯል፣ አርሚው።

እኔም የማርመው አለኝ። ስትሄጂ ቦሌ ያልመጣሁት፣ ዕቃ ሊጭኑ መጥተውብኝ ነው ብዬሽ ነበር። ማንም አልመጣም። ሱቁን በላዬ ላይ ዘግቼ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፣ አውሮፕላንሽ ተነሥቷል እስኪሉኝ ድረስ።

ክረምት ላይ እመጣለሁ ብለሻል። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊልኝ። ማንም አያስፈልግሽም፣ ሻንጣሽን የምቀበልሽ እኔ ነኝ።

አላህ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፣ በሰው ፊት ያስከብርሽ፣ በሰላም ለዓይናችን ያብቃሽ።

አባትሽ ጠሀ